ለየትኛው ጭንቀት የትኛው መጽሐፍ? ፍልስፍናንና ሥነ ጽሑፍን ለዕለት ኑሮ መምረጫ

«ልቤን የሚያሳርፍ ምን ላንብብ?» ለሚል ሰው፣ «ልብህን ያወከው ምንድን ነው?» ሳይባል የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ይስታል። ድሬዳዋ ውስጥ መጽሐፍ በሚዋዋሱ ሰዎች መካከል ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ቀድሞ የሚጠቆመው የስቶይኮች፣ ማለትም በእጃችን ባልሆነ ነገር አትናወጡ የሚሉት የጥንት ግሪክና ሮም ፈላስፎች፣ ፍልስፍና ሆኗል፤ በቴሌግራም የሚዘዋወሩት ትረካዎችና አጫጭር ቪዲዮዎችም ከሮማው ንጉሠ ነገሥት ከማርከስ ኦሬሊየስ የተወሰዱ፣ አንዳንዴም እሱ ጨርሶ ያልተናገራቸው አባባሎችን እየደጋገሙ ያስተላልፋሉ። ስቶይኮቹ የሚጠቅሙበት ቦታ ሰፊ ነው። የማይጠቅሙበት፣ እንዲያውም የሚጎዱበት ቦታም አለ፤ እዚያ ደግሞ አንድ ረጅም ልብ ወለድ ወይም ጥቂት ስንኞች የተሻለ ይሠራሉ።

ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ጭንቀቱን በስሙ ከመጥራት ነው። ገና ያልደረሰውን መፍራት፣ የሌላውን ኑሮ እያዩ መቃጠል፣ የሞተን ሰው ማጣት፣ በደል ተሸክሞ መኖር፣ በሰው መሀል ብቸኛ መሆን፣ ለዓመታት የደከሙበት ሥራ ድንገት ባዶ ሆኖ መታየቱ፣ ሁሉም ጭንቀት ቢባሉም አንዱን የሚያቀልለው ሌላውን ሊያከብደው ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው የፍልስፍናና የሥነ ጽሑፍ ልዩነት ነው። ፍልስፍና በአመዛኙ የምንሰጠውን ፍርድ ይፈትሻል፤ «ይህ ነገር በእርግጥ ክፉ ነው ወይ? በእጄስ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ከጥያቄውም ጋር ልምምድ ይሰጣል። ልብ ወለድና ግጥም ግን ፍርዱን ለማስተካከል አይቸኩሉም፤ በሌላ ሰው ሕይወት ውስጥ አስገብተው ያቆዩናል፣ ለተሰማን ነገርም ቃል ያበድሩናል። የተሳሳተ ፍርድ ላስጨነቀው ሰው ፍልስፍና፣ ፍርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ለሚያመው ሰው ደግሞ ሥነ ጽሑፍ ይቀድማል። መለያው ሻካራ ነው፣ የሚያፈነግጡም አሉ፤ ለመነሻ ግን ያገለግላል።

ላልመጣ ነገር መጨነቅ

ለዚህ ዓይነቱ ጭንቀት ስቶይኮቹን የሚያህል አላገኘሁም፤ ከእነርሱም መጀመሪያ የሚመረጠው ኤፒክቴተስ ነው። ባሪያ ሆኖ የተወለደ፣ እግሩ የሚያነክስ፣ ነፃ ከወጣም በኋላ ንጉሠ ነገሥት ዶሚሺያን ፈላስፎችን ሲያባርር ከሮም ወጥቶ በግሪክ ምድር በኒቆጶሊስ ትምህርት ቤት የከፈተ ሰው ነበር። ራሱ የጻፈው ነገር የለም፤ ንግግሮቹን የመዘገበውና አንኳር አንኳሩን አውጥቶ «ኤንኪሪዲዮን» የተባለውን ትንሽ መጽሐፍ ያዘጋጀው ተማሪው አሪያን ነው። 53 አጫጭር ክፍሎች ብቻ ስላሉት በአንድ ከሰዓት ተነቦ ያልቃል። የሚጀምረውም ነገሮችን ለሁለት በመክፈል ነው፤ አስተያየታችን፣ ምኞታችን፣ የምንነሣሣበትና የምንሸሸው ነገር በእጃችን ሲሆኑ፣ ሰውነታችን፣ ንብረታችን፣ ስማችንና ሹመታችን ግን በእጃችን አይደሉም።

ይህ ክፍፍል በቃል ሲነገር ተራ ነገር ይመስላል፤ ጥቅሙ የሚታየው በወረቀት ላይ ሲሠራ ነው። በደረቅ ወደቡ የደንበኞችን ዕቃ የሚያስለቅቅ አንድ ትራንዚተር ወዳጄ፣ ከጅቡቲ መነሣት የነበረበት ኮንቴይነር ቆሞበት እንቅልፍ ባጣበት ሰሞን፣ የልጁን ደብተር ተቀብሎ አንዱን ገጽ በመስመር ለሁለት ከፈለ። በቀኝ በኩል ኮንቴይነሩ የሚጫንበት ቀን፣ በየቀኑ የሚቆጠረው ዲመሬጅ (ኮንቴይነሩ በመዘግየቱ የሚከፈለው ቅጣት)፣ የዶላር ምንዛሪ፣ የደንበኛው ቁጣ፣ ሌሎች ትራንዚተሮች ስለ እሱ የሚያወሩት ሁሉ ተደረደረ። በግራ በኩል የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው የሰነዶቹን ቅጂ እንደገና ማየት፣ ሁለተኛው ለደንበኛው ደውሎ እውነቱን መንገር። ወረቀቱን ጥቂት አየት አድርጎ «አቦ፣ እንቅልፍ የነሣኝ ኮንቴይነሩ አይደለም እኮ፣ ይቺ ስልክ ናት» አለና ያኔውኑ ደወለ። ኮንቴይነሩ በዚያ ሳምንት አልመጣም፣ ደንበኛውም መቆጣቱ አልቀረም፤ ነገር ግን ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ በሐሳቡ ሲሰማው የነበረውን ቁጣ በቀን አንድ ጊዜ ሰምቶ ተገላገለ።

ዘመናዊው የሥነ ልቦና ሕክምናም ከዚሁ ምንጭ ቀድቷል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አልበርት ኤሊስ፣ ከእርሱ በኋላም አሮን ቤክ የሰውን የተዛባ አስተሳሰብ በመመርመር ላይ የተመሠረቱ የሕክምና ዘዴዎችን ሲያዳብሩ፣ ሰውን የሚያውከው ነገሩ ራሱ ሳይሆን ስለ ነገሩ ያለው አስተያየት ነው የሚለውን የኤፒክቴተስን ሐሳብ መነሻቸው መሆኑን ሁለቱም ጽፈዋል።

በስቶይኮቹ መካከል ያለው ልዩነትም ለአንባቢ ቀላል አይደለም። ኤፒክቴተስ ቁጡ መምህር ነው፤ ሰበብ አይወድም፣ አንዳንዴም ያስቀይማል። ተግሣጽ የሰለቸው አንባቢ ሴኔካ ለወዳጁ ለሉኪሊየስ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ቢመርጥ ይሻለዋል፤ 124 ደብዳቤዎች ወደ እኛ ደርሰዋል፣ እያንዳንዱም በአንድ ቡና መካከል ይነበባል፣ ስለ ጊዜ ብክነት፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ጫጫታ፣ ስለ እርጅና ያወራል። ሴኔካ ከፍተኛ ሀብት ያካበተ፣ የጨካኙ ንጉሠ ነገሥት የኔሮ አማካሪ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ65 ገደማም በዚያው ኔሮ ትእዛዝ ራሱን እንዲያጠፋ የተገደደ ሰው ነው። ስለ ድህነት ሲሰብክ የሚያሾፉበት ጥቂት አይደሉም። እኔ ግን ከሚሰብከው በታች እንደሚኖር ራሱ የሚያውቅ ጸሐፊ ለእንደ እኛ ዓይነቱ አንባቢ ይቀርባል እላለሁ። የማርከስ ኦሬሊየስ መጽሐፍ በበኩሉ ለራሱ የጻፈው የግል ማስታወሻ ነበር፤ ለመታተም አልታሰበም፣ ስለዚህም አንዱን ሐሳብ አሥር ጊዜ ይደጋግማል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያነበው ሰው ይሰለቻል፤ ጠዋት ከሥራ በፊት አንድ ገጽ ገልጦ ለሚዘጋው ሰው ግን የተሻለ መጽሐፍ የለም።

አሁን ወደ ጉዳቱ። የኤፒክቴተስ ክፍፍል የተሠራው ለአንድ ሰው ነው። ብቻዬን ስሆን በእጄ ያልሆነው ነገር ከአሥር ጎረቤቶቼ ጋር ስሆን በእጃችን ሊሆን ይችላል፤ የሰፈሩ ውኃ ለሳምንታት ሲጠፋ፣ ቀጣሪ ደመወዝ ሲያቆይ፣ ባል ሚስቱን ሲመታ፣ «ከእኔ ቁጥጥር ውጪ ነው» ብሎ መረጋጋት ጥበብ ሳይሆን በደሉን ማመቻቸት ይሆናል። በእድርና በአፎቻ (በሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር) የሚኖር ሕዝብ ይህን ያውቃል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል ኤፒክቴተስ ያልቆጠረውን ሦስተኛ ዓምድ ይቆጥራል። እንግዲህ ጭንቀቱ ከበደል የመጣ እንደ ሆነ ስቶይኮቹን ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ ይሻላል።

ለበደል የምጠቁመው ልብ ወለድ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር»። ብዙ ሰው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ አድርጎ ያነበዋል፤ በበደል የተንገበገበ ሰው ግን ጉዱ ካሳን ይከተል። የተወለደበትን የባላባት ሥርዓት በየአደባባዩ የሚነቅፍ፣ ለዚህም እብድ የተባለ ሰው ነው። ኤፒክቴተስ ሰው ስለ እኛ የሚለው ነገር በእጃችን እንዳልሆነ ያስተምራል፤ ጉዱ ካሳ ደግሞ «እብድ» መባል ዕለት ዕለት ምን እንደሚያስከፍል ያሳያል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ሰው ለበደል ዝም ማለትና በደልን ተናግሮ ዋጋ መክፈል የየራሳቸው ክብደት እንዳላቸው ይረዳል፤ የሚመርጠውንም ዐውቆ ይመርጣል።

ሐዘን

በሐዘን ጊዜ የሚደረገው የመጽሐፍ ምርጫ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ስሕተቱም የሚበዛው እዚህ ነው። ልጁ ለሞተበት ሰው ከስቶይኮች የተወሰደ አባባል በመልእክት መላክ በከተማችን እየተለመደ መጥቷል። ላኪው ደግ አስቦ ነው፤ የሚሰማው ግን «ፍርድህ ስለተሳሳተ ነው የምታለቅሰው» የሚል ነው። ሐዘንተኛ ግን ፍርዱ አልተሳሳተም፤ የሚወደውን ሰው በእርግጥ አጥቷል።

ይህን ከሲሴሮ የበለጠ ያሳየ የለም። ሮማዊው የንግግር ሊቅ የግሪክን ፍልስፍና ለሮማውያን ያስተዋወቀ፣ ስለ ትዕግሥትና ስለ ሞት የተጻፈውን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነበር። በ45 ቅ.ል.ክ. ልጁ ቱሊያ ስትሞት በወዳጁ በአቲከስ ቤት ሐዘንን ስለ ማቅለል የተጻፈውን ሁሉ አነበበ፣ ራሱንም ለማጽናናት መጽሐፍ ጻፈ፤ በኋላ ግን ለዚያው ለአቲከስ በላከው ደብዳቤ ሐዘኑ ማጽናኛውን ሁሉ እንዳሸነፈው ገልጿል። ከከተማ ርቆ በባሕር ዳር ባለው ቤቱ ጠዋት ጫካ እየገባ ብቻውን ይውል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በዚያው ዓመት ከጻፋቸው ታላላቅ የፍልስፍና ሥራዎቹ አንዱ ስለ ሞት፣ ስለ ሕመምና ስለ ሐዘን የሚመረምር ሆነ። ፍልስፍናው አልጠቀመውም ማለት አይደለም፤ የመጣው ዘግይቶ ነበር። ሴኔካም ማርሲያ ለተባለች እናት የማጽናኛ ጽሑፉን የጻፈላት ልጇ ከሞተ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሐዘኑ በዚያን ጊዜ እንደ መጀመሪያው ቀን ትኩስ ስለነበረ። ጽሑፉ ጠንከር ያለ ቢሆንም በቀብር ማግስት አልተላከም፤ ይህን ጊዜ አጠባበቁን ነው ልንወስድ የሚገባን።

በእኛ ሀገር የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለመጽሐፍ መተው አያስፈልግም፤ ባህሉ ይዟቸዋል። ድንኳን ይተከላል፣ እድሩ ይመጣል፣ ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፤ በሙስሊሙም ዘንድ ለተዕዚያ፣ ሐዘንተኛን ለማጽናናት፣ ቤቱ በሰው ይሞላል። አልቃሽ ስትኖር ሙሾዋ ራሱ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ የሟቹን ሥራ በግጥም እየጠራች ለቅሶውን መልክ ትሰጠዋለች። ችግሩ የሚጀምረው አርባው ወጥቶ እንግዳው ሲቀር፣ ዘመድ ሁሉ ወደየሥራው ሲመለስ፣ ሐዘንተኛዋ «እንግዲህ በቃሽ» መባል ስትጀምር ነው። መጽሐፍ ቦታ የሚያገኘው ያኔ ነው።

ያኔም ቢሆን ከግጥም መጀመር ይሻላል፤ የሐዘንተኛ ትኩረት ከአንድ ገጽ አያልፍምና። መዝሙረ ዳዊትን የሚያነብ ሰው ይህን ከማንም ሳይማር ያደርገዋል፤ ከመዝሙራቱ ብዙዎቹ ማማረርና እንባ ያለባቸው ናቸው፣ አንባቢውንም «አታልቅስ» አይሉትም። ግጥሙ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን። ፍልስፍና ትርጉምን ይችላል፤ ኤፒክቴተስ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያው ነው። ግጥም ግን በትርጉም ብዙውን ያጣል፤ ድሬዳዋ ውስጥ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ ያደገ ሰው የአማርኛ ግጥም ከማንበብ በእናቱ ቋንቋ የሚያውቀውን አንድ ዘፈን መስማት የበለጠ ሊያሳርፈው ይችላል። ረጅሙ ልብ ወለድ ከወራት በኋላ ይምጣ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለአዲስ ሐዘንተኛ አልጠቁምም፤ ፍጻሜው ሞት ላይ ሞት የሚደራርብ ነውና።

የሌላውን ኑሮ እያዩ መቃጠል

ከዓረብ ሀገር የተመለሰች ጎረቤት የሠራችው ፎቅ፣ በስልክ የታየው የእኩያ ሠርግ፣ ቬሎው፣ ዲኮሩ፣ የመኪናው ሰልፍ። ለዚህ የሚመረጠው ኤፒኩረስ ነው። ከ341 እስከ 270 ቅ.ል.ክ. የኖረው ይህ የግሪክ ፈላስፋ የተድላ ሰባኪ ተብሎ ስሙ ጠፍቷል፤ በአቴና አጠገብ በነበረው የአትክልት ስፍራው ግን ኑሮው ቁጥብ ነበር፣ ሴቶችንና ባሮችንም እንደ ተማሪ ይቀበል ነበር። ድግስ ሲያሰኘው ትንሽ አይብ እንዲልክለት ለወዳጁ እንደጻፈ ይተረካል። ምኞትን በሦስት ይከፍላል፤ ተፈጥሯዊም አስፈላጊም የሆኑ፣ ተፈጥሯዊ ሆነው አስፈላጊ ያልሆኑ፣ ተፈጥሯዊም አስፈላጊም ያልሆኑ። ምግብ፣ መጠለያና ወዳጅ ከመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ የተመረጠ ምግብ ከሁለተኛው፣ ዝናና ገደብ የሌለው ሀብት ከሦስተኛው። የመጀመሪያዎቹ ልክ አላቸው፤ ሦስተኛዎቹ ስለሌላቸው አይጠረቁም።

አንድ ሠርግ በዚህ ወንፊት ቢነፋ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ አብሮ መብላቱ የመጀመሪያው ዓይነት ሆኖ ይቀራል፤ የተከራየው አዳራሽና ለዲኮሩ የተበደሩት ገንዘብ ግን ወደ ሦስተኛው ይወርዳሉ። ልዩነቱ ከስቶይኮቹ ጋር እዚህ ላይ ይታያል፤ ስቶይኩ «ሠርጉ እንዴትም ቢሆን ግድ አይስጥህ» ሲል፣ ኤፒኩረስ ግን ደስታውን ሳይነካ ዕዳውን ብቻ ይቀንሳል። ለቀናተኛ ልብ ይህ ይቀላል። ይሁን እንጂ የኤፒኩረስን ትምህርት ሙሉውን መውሰድ ለሃይማኖተኛ አንባቢ አይመችም፤ ነፍስ በሞት እንደምትበተን ያስተምራልና። ከአደባባይ ተደብቆ መኖርን መምከሩም ኑሮው በሰው ትውውቅ ላይ ለቆመ የድሬዳዋ ነጋዴ አይሠራም። የምኞቱን አከፋፈል ወስዶ ሌላውን መተው ይቻላል።

ሥራው ባዶ ሲሆን

በዚህ ላይ ሁለት መጻሕፍትን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ እወዳለሁ። አንደኛው የኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ ታሪክ ነው። በባግዳድ ታላቁ ኒዛሚያ ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩት ኢማም፣ እ.ኤ.አ. በ1095 የሚያስተምሩት ለአላህ ሳይሆን ለክብርና ለዝና መሆኑን ሲጠራጠሩ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ተማሪ ፊት ቆመው መናገር አቃታቸው፣ ሐኪሞችም መፍትሔ አላገኙም። ሹመታቸውን ትተው ወደ ደማስቆና ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፣ ሐጅም አደረጉ፤ ወደ ማስተማር የተመለሱት ከአሥር ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ «አል-ሙንቂዝ ሚነ-ድ-ደላል» በተባለው አጭር መጽሐፋቸው ራሳቸው ይተርኩታል። ስማቸው በሐረርና በድሬዳዋ የሃይማኖት ትምህርት ለቀሰመ ሰው አዲስ አይደለም፤ «ኢሕያእ» የተባለውን ግዙፍ ሥራቸውን ከመጀመር በፊት ግን በዚህ ትንሽ መጽሐፍ መጀመር የተሻለ ነው። ከሙስሊም ውጭ ያለ አንባቢም፣ በተለይ ለዓመታት አስተምሮ የሰለቸ መምህር፣ የሚያገኝበት ነገር አለ።

ሁለተኛው በ17ኛው መቶ ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ነው። እርሱም ከሰው ሸሽቷል፤ ምክንያቱ ግን ዝና ሳይሆን ስደት ነበር። በንጉሥ ሱስንዮስ ዘመን ተከስሶ ሁለት ዓመት በዋሻ ኖረ፣ ዳዊቱን ይዞ፤ እዚያም የሃይማኖቶችን ክርክር በራሱ ልቡና መመርመር ጀመረ። ከዋሻው ከወጣ በኋላ ወደ እንፍራንዝ ሄዶ መጻሕፍት እየገለበጠ ኖረ፤ የጌታውን አገልጋይ ሒሩትን ሲያገባም ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና አገልጋይ ልትባል አይገባም አለ። ጣልያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ሐተታውን የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ሚስዮናዊ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ መሆኑን በሰፊው ተሟግተዋል፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። በመጽሐፉ የሀገር ኩራቱን ሊያሳድግበት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ጣጣ ነው፤ ኑሮውን ሊመረምርበት ለሚያነብ ሰው ግን ያን ያህል አያግደውም።

ለዕለት ኑሮ ግን ከዘርዓ ያዕቆብ ይልቅ የደቀ መዝሙሩ የወልደ ሕይወት ሐተታ ይቀርባል፤ የሚነበበው ግን ጥቂት ነው። መምህሩ ስለ አምላክና ስለ ልቡና ሲመራመር፣ ደቀ መዝሙሩ ስለ እጅ ሥራ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ከጎረቤት ጋር ስለ መኖር ይመክራል። ገዛሊ ሥራ ባዶ ሲሆን ልብን መርምር፣ አስፈላጊ ከሆነም ሥራውን ተው ይላሉ፤ ወልደ ሕይወት ግን ሥራ ራሱ ለሰው የተሰጠ ነገር ነውና አትሽሸው ወደሚለው ያዘነብላል። ቤተሰብ የሚያስተዳድርና ሥራውን መተው የማይችል ሰው በሁለተኛው ይጀምር፤ መተው የሚችል፣ ደግሞም የሠራው ሁሉ ለታይታ እንደነበር የሚጠረጥር ሰው ወደ መጀመሪያው ይሂድ።

ብቸኝነት

አርስቶትል ለልጁ ለኒቆማኮስ በተሰየመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ከአሥሩ ክፍሎች ሁለቱን ለወዳጅነት ሰጥቷል፤ ወዳጅነትን ለጥቅም፣ ለደስታና ለመልካምነት ሲል ይከፍለዋል። በርጫ ላይ ብዙ ሰው እያለው ብቸኛ የሆነ ሰው የጎደለው የትኛው እንደሆነ በዚያ ይለየዋል። መድኃኒቱ ግን ለብቻ ሆኖ ማንበብ አይደለም፤ ድምፅን ከፍ አድርጎ ለሌላ ሰው ማንበብ ነው። ከሀገሩ ርቆ ለሚኖር ወዳጅ ደግሞ ሐረር የተወለደውን ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታን እመርጥለታለሁ፤ የሀገር ናፍቆት ግጥሙን በቃሉ የሚያውቅ ብዙ ነው። ግጥም ብቻውን ሰውን እንደማያድን ማስረጃ ለሚፈልግም ሐረር ራሷ አለች፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥምን በወጣትነቱ እርግፍ አድርጎ ትቶ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሐረር ገብቶ ቡናና ቆዳ ሲነግድ ለቤተሰቡ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በመሰላቸትና በምሬት የተሞሉ ናቸው።

ተረትና ምሳሌ፣ የማነቃቂያ መጻሕፍት

በእነዚህ ላይ አልቆይም። ምሳሌያዊ አነጋገር ለተናገርነው ነገር ውበት ይሰጣል እንጂ ምርጫ አያስመርጥም፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ቋንቋ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላልና። በየመንገዱ የሚሸጡት የማነቃቂያ መጻሕፍት በአብዛኛው ከስቶይኮች የተቀዳውን ሐሳብ በውኃ አቅጥነው ያቀርቡታል። ኤፒክቴተስ ከእነርሱ ያጥራል።

ጊዜ፣ ሙቀትና ቅርጽ

በድሬዳዋ ቀትር ላይ ፍልስፍና ማንበብ ከባድ ነው። ትኩረት የሚጠይቀውን ለጠዋት፣ ታሪክ ያለውን ለቀትርና ለማታ መመደብ ይሻላል። ከ500 ገጽ በላይ የሆነው «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ስላለ፣ ዓይኑ የሚደክም ወይም ሱቅ የሚጠብቅ ሰው ሊያዳምጠው ይችላል፤ ትረካው ከመጽሐፉ የማይተናነስ ጥቂት ከሆኑት አንዱ ነው። ፍልስፍና ግን በጆሮ ሲገባ ይንሸራተታል፤ ቆም ብሎ መመለስ ይፈልጋል፣ ስለዚህ በፒዲኤፍም ቢሆን ከስልክ ይልቅ ጥቂት ገጾችን ፎቶ ኮፒ አድርጎ በእርሳስ እያሰመሩ ማንበብ ይመረጣል።

ንባብ ባሕርይን ይለውጣል የሚለው ማስረጃ ከሚወራው ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ጥሩ ልብ ወለድ ለጥቂት ደቂቃ ማንበብ የሌላውን ስሜት የመረዳት ችሎታን እንደሚጨምር ዘግቦ ነበር፤ በኋላ የደገሙት ተመራማሪዎች ግን ያንን ውጤት አላገኙም። መጻፍ የተሻለ ማስረጃ አለው። ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት በቀን 15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው ሲጽፉ፣ ወዲያው ስሜታቸው ቢከፋም በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ መመላለሳቸው ቀንሷል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ሲጠቃለሉ ጥቅሙ ትንሽ ቢሆንም አለ። ማርከስ ኦሬሊየስም አንባቢ ብቻ አልነበረም፤ ጽፏል።

መጽሐፍ የማይሸከመውም አለ። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፉ፣ ደስ ይል የነበረው ሁሉ ካስጠላ፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ምርጫው በመጻሕፍት መካከል መሆኑ ይቀርና ወደ ሐኪም መሄድ ይሆናል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ያኔውኑ ለቅርብ ሰው ተናግሮ ከእርሱ ጋር ወደ ሆስፒታል መሄድ እንጂ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አይገባም። ጸሎትም ዱዓም ጠበልም ከሕክምናው ጋር አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

ሁለት ጭንቀት የተደራረበበት ሰው፣ ለምሳሌ አባቱ ሞቶ የንግዱ ዕዳ በላዩ የወደቀ፣ ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ ለመፍታት አይሞክር። ዕዳው ቀነ ገደብ ስላለው የኤፒክቴተስ ሁለት ዓምድ ለዕዳው ብቻ ይውላል፤ ለሐዘኑ ማታ ማታ አንድ ግጥም ይበቃል። የጀመረው መጽሐፍ ሠላሳ ገጽ ሳይሞላ ከከበደው ይተወው፤ በሌላ ጊዜ በሌላ ጭንቀት ሊመለስበት ይችላል። የሁለቱን ሐተታዎች ትርጉም በአንድ ጥራዝ ያገኘ ደግሞ ተራውን ገልብጦ ከወልደ ሕይወት ቢጀምር መንገዱ ይቀልለታል።